የጳጉሜን ጀሪካን

ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ በአዲስ አበባ «ከመስከረም ጀምሮ» የማይል ሰው ካገኛችሁ አደራ አስተዋውቁኝ። ሲጋራ የሚያቆመው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ዕቁብ የሚገባው፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚሮጠው፣ ለእናቱ በየወሩ የሚቆርጠው፣ ከሚስቱ ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነጋገረው፣ ሁሉም ከመስከረም ጀምሮ። ፍልሰታ ተፈትቶ ጳጉሜን እስክትገባ ባሉት ጥቂት ቀናት ደግሞ ከተማው ሊተወው ያሰበውን ነገር በሙሉ ይሰናበታል። የሚያጨሰው አብዝቶ ያጨሳል፤ የሚጠጣው አብዝቶ ይጠጣል፤ የሚያማው ሰው ሳይመርጥ ያማል። ስንብት ነዋ! የሰፈራችን ግሮሰሪ ባለቤት እነዚህን ቀናት «የንስሐ ዋዜማ ገበያ» ይላቸዋል፤ ክርስትና ልጁን እስከ መዳር የደረሰው በእነሱ ነው እየተባለ ይታማል።

ጳጉሜንም ለዚህ ነገር የምትመች ወር ናት። ደመወዝ አይከፈልባትም። ደግ አከራይ ከገጠማችሁ ኪራይም አይጠየቅባትም። የቀድሞው የቱሪዝም መፈክራችን «የ13 ወር ፀሐይ» እያለ አሥራ ሦስተኛ አድርጎ ቢቆጥራትም፣ በጳጉሜን ማለዳ እንጦጦን ቀና ብሎ ያየ ሰው ፀሐይዋን ብቻ ሳይሆን ተራራውንም ይጠራጠራል፤ ጉም ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት መንግሥት ለእያንዳንዷ ቀን ስም እያወጣ ሥራ ሊያሲዛት ሞክሯል። ቤተ ክርስቲያን ግን ቀደም ብላ አሰማርታታለች። የፈቃድ ጾም አለባት፤ የዮዲት ጾም ይሏታል። ጳጉሜን 3 ቀን ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ የዚያን ዕለት ሰማይ ይከፈታል ተብሎ ስለሚታመን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጆች ዕርቃናቸውን ይወጡበታል፤ እናቶች በዕቃ ተቀብለው ሊጥ ላይ ጠብ ያደርጉታል። በቀሩትም ቀናት ሌሊት ተነሥቶ ወደ ወንዝና ወደ ጠበል መውረድ የቆየ ልማድ ነው። የዓመቱን እድፍ አጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ መስከረም 1 ቀን ቅዱስ ዮሐንስ ላይ ብቅ ማለት።

እኔም በ2015 ዓ.ም. ብቅ ልል ቆረጥሁ።

የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕቅድ ክፍል ነው። ስለዚህ ነገሩን በያዝሁት ሙያ ጀመርሁት። ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዛሁ፤ አስምሬ ዓምድ አወጣሁለት፤ ወደ ጎን የጳጉሜንን ቀናት፣ ወደ ታች ኃጢአቴን ደረደርሁ። ኃጢአቶቹን በዘርፍ ከፋፈልኋቸው፦ የአንደበት፣ የሆድ፣ የመሥሪያ ቤት፣ ልዩ ልዩ። በመጀመሪያው ቀን ንስሐ፣ በሦስተኛው ቀን ጠበል፣ በአምስተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «አዲስ ሰው» የሚል ጻፍሁ።

አክስቴ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ደብተሩን አየችው። እታለም ነው የምላት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አሁን ጉልበቷም የደም ግፊቷም አላስወጣ ብለዋት አብራኝ ትኖራለች። ፊደል የቆጠረችው በዳዊት ነው፤ ቁጥር ግን ማንም አያታልላትም።

«ስድስተኛዋስ?» አለችኝ።

«የምን ስድስተኛ?»

«ዘንድሮ ሉቃስ አይደል እንዴ፣ አንተ ልጅ? ጳጉሜን ስድስት ናት።»

እውነቷን ነው። ዘመናቱ በአራቱ ወንጌላውያን ይዞራሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያሉ፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን አንድ ቀን ትጨምራለች። መዝጊያው ቅርብ ስለሆነብኝ ዓምድ ለመጨመር ሰነፍሁና «መጠባበቂያ ትሁን» አልኋት። እታለም መጠባበቂያ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ቀና ብላ አይታኝ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች።

የንስሐ አባታችንን በተመለከተ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ለብዙ ጊዜ ስሸሻቸው ቆይቻለሁ። ቤታችንን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ሥራ ይበዛብኛል፤ መንገድ ላይ ከሩቅ ካየኋቸው ደግሞ አቅራቢያዬ ወዳለው ሱቅ ገብቼ የማልፈልገውን ሳሙና እገዛለሁ። በዚህ የተነሣ ቤታችን ሳሙና አጥቶ አያውቅም። እታለም አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍታ «ይህን ሁሉ ታጥበህ የማይለቅህ ምን ቢሆን ነው?» ብላኛለች።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 1፣ ከሥራ ስወጣ ደብተሬን ይዤ ወደ ደብሩ ሄድሁ። አባ ከዛፉ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ተሳልሜ አጠገባቸው ተንበረከክሁና ደብተሩን ከፍቼ ማንበብ ጀመርሁ። የአንደበትን ዘርፍ ጨርሼ ወደ ሆድ ሳልፍ እጃቸውን አነሡ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ኃጢአቴ ነው አባታችን።»

«ተደምሯል እኮ!»

«ከአምናው ጋር የተነጻጸረበትም አለ» አልሁ፣ ገጹን ልገልጥላቸው እየተዘጋጀሁ።

አባ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ዝም ብለው ቆዩና «ከነዚህ ውስጥ የሚያስለቅስህ የትኛው ነው?» አሉኝ። ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሄጄ ተመለስሁ። እሳቸው አልቸኮሉም፤ ደጀ ሰላሙ አካባቢ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ አንዲት ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ትጸልያለች። በመጨረሻ ደብተሩን ዘጋሁና በየትኛውም ዓምድ ያልጻፍሁትን አንድ ነገር ነገርኋቸው። እዚህም አልጽፈውም።

ከዚያ ቀኖና ጠበቅሁ። ለቀኖና ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ ደብረ ሊባኖስ በእግሬ ቢሉኝ፣ የወር ደመወዝህን ለነዳያን ቢሉኝ፣ ወገብ የሚቆርጥ ስግደት ቢያዙኝ እንዴት እንደምወጣው አስቤበታለሁ። እንዲያውም ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ እንዴት ቀለል አድርጌ እንደምናገረው ሳይቀር። አባ የሰጡኝ ስግደት አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሲሆን፣ ቀጥለው «አክስትህ ተራራ መውጣት አትችልም፤ ጠበል ቅዳላት። ግቢያችሁ ላሉት ሽማግሌም አድርስላቸው» አሉኝ።

«ይኸው ነው አባታችን?»

«አነሰህ?»

ትንሽ አፈርሁ፤ ደግሞም አዎ፣ አንሶኝ ነበር። አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ፈቱኝና ስነሣ እጄን ያዙኝ፦ «ጳጉሜን ሁሉም ይመጣል። አንተ ጥቅምት ላይ ና።»

ወደ ቤት ስመለስ ያሰብሁት ስለ ጥምቀት ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ አንዴ ትጠመቃለች፤ ያ አይደገምም። እኔን ሲያጠምቁኝ የክርስትና እናቴ ሻሽ ላይ የፈጸምሁትን ጉድ እታለም ዛሬም ለእንግዳ ትተርካለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወደዚያች ቀን የመመለስ ሙከራ ነው፤ ንስሐውም፣ ጠበሉም፣ ከተራው ማግሥት የሚረጨው ውሃም። ከ1520 እስከ 1526 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚህ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የጥምቀትን በዓል አይቶ በየዓመቱ ይጠመቃሉ ብሎ ነቅፏል፤ ከንጉሡም ጋር ተከራክሯል። ሊቃውንታችን መታሰቢያና በረከት እንጂ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም ብለው መልሰዋል፤ ትክክል ናቸው። እኔ ግን ለአልቫሬዝ በትንሹ አዝንለታለሁ። ሕዝብ በሙሉ እየተጋፋ ወደ ውሃ ሲሄድ ላየ እንግዳ፣ ይህ ሁሉ ሰው አንዴ ታጥቦ ያልበቃው ምን ሠርቶ ነው ማለቱ አይቀርም። እኔን ቢጠይቀኝ ደብተሩን አሳየው ነበር።

ዓርብ፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ነበርሁ። ባለ አምስት ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዣለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ሽቅብ ስወጣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ወገባቸው እስከ መሬት ጎብጦ፣ ጭቃው በባዶ እግራቸው ጣቶች መካከል እየወጣ። ጳጉሜንም ጥርም ለነሱ አንድ ነው። ከመካከላቸው አንዷ ቀና ሳትል «እንኳን አደረሰህ» አለችኝና አለፈች።

ጠበሉ ጋ ስደርስ ሰልፉ ገና ከሩቅ ታጥፎ ተጠማዟል። እኔ በሐሳቤ ብቻዬን ከአምላኬ ጋር ነበር የምገናኘው። እዚያ ግን ከፊቴ አንድ ወጣት ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይጸልያል፤ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ስለ ዶሮ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ወዲያ በሴቶቹ በኩል አንዷ ትጮኻለች፤ ሌላዋ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ሰልፍ የሚሰርቅም አልጠፋም፤ በነጠላ ተሸፋፍኖ ሲያልፍ «አባት ናቸው» ብለን አሳለፍነው፤ ኋላ ሲወልቅ ጂንስ ሱሪ ለብሷል።

ተራዬ ሲደርስ በቁምጣ ቆምሁ። ቀድሜ ያጠናሁት የስእለት ቃል ነበረኝ፤ ውሃው ሲወርድብኝ ልል ያሰብሁት። በስመ አብ ብለው ሲለቁብኝ ግን ከአፌ የወጣው ጩኸት ነው። ቅዝቃዜው ነው እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። እሱን ማስረዳት የምችልበት ትንፋሽ ግን አልነበረኝም። ዙሪያዬ ያለው ሕዝብ ጸጥ አለ፤ አጥማቂው ቀረቡና መስቀላቸውን አናቴ ላይ ጫኑ።

«ማነህ አንተ?»

ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ተናገርሁ።

«ከየት ገባህ?»

«ከአፍንጮ በር።»

«ብቻህን ነህ?»

«ከአክስቴ ጋር ነው የምኖረው።»

ሕዝቡ «እግዚኦ!» አለ። ሌላ ባልዲ ወረደብኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ዕቅድ አወጣለሁ» አልሁ። አሁን ሳስበው ከዚህ የባሰ መልስ መስጠት አይቻልም ነበር። አንዲት እናት ከሴቶቹ በኩል «ውይ የኔ ልጅ!» ስትል ሰማኋት።

«በዚህ ሰው ላይ ስንት ዘመን ቆየህ?»

«አርባ አልፎኛል አባታችን።»

«መቼ ትለቃለህ?»

«አሁኑኑ፤ ፎጣዬን ብቻ ስጡኝ!»

እልልታው ቀለጠ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን እየደባበሱ «እንኳን ለቀቀህ» አሉኝ፤ ያ የዶሮ ተከራካሪ ራሱ ልብሴን አለባበሰኝ። አጥማቂው ከግርግሩ በኋላ ጠጋ ብለው ፊቴን ሲያዩኝ የገባቸው መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ብቻ አንዲት ጥቅል እምነት በወረቀት ሰጡኝ። ጀሪካኔን ሞላሁ፣ ጥቅሏን እጀታው ላይ በክር አሰርሁና ወረድሁ።

ሽሮ ሜዳ ስደርስ ዝናቡ ጀመረ። የሩፋኤል ዝናብ! ከየግቢው ልጆች ተፈናጥረው ወጡ፤ የጥበብ ቀሚስ የሚሸጡት ባለሱቆች ሳይቀሩ መዳፋቸውን ዘርግተው ፊታቸውን አበሱበት። የታክሲው ረዳት ራሱን በመስኮት አውጥቶ እየታጠበ ነበር ፒያሳ ፒያሳ ሲል የነበረው። ለጀሪካኔም ሒሳብ ጠየቀኝ። «ጠበል ነው እኮ» ብለው «እንግዲያው ቅዱስ ነገር በነጻ አይሄድም» አለኝ። ከኋላ ወንበር ሥር ሌላ ቢጫ ጀሪካን ነበር። የኔን አጠገቡ አስቀመጥሁት። እጀታዬ ላይ ጥቅል መታሰሩን ልብ ብዬ ብሆን ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር፤ አፍንጮ በር ላይ ግን ሰው እየተጋፋ ሲያወርደኝ እጄ የገባውን አንሥቼ ወረድሁ። ጉንፋኑም ጀምሮኝ አፍንጫዬ ተደፍኗል።

እታለም ምንም ሳትቀምስ እየጠበቀችኝ ነበር። አማትባ በኩባያ ተቀበለች፤ የደም ግፊት ክኒኗንም መዳፏ ላይ አዘጋጀች። በክኒንና በጠበል መካከል ጠብ አይታያትም፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማንን መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ተጠመቁ ብለው መክረዋልና እሷም በዚያ ጸንታለች። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ደረቷን ያዘች፤ ሳል ተናነቃት።

«እታለም! ምነው?»

«ዝም በል» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ያገኘውን እያቃጠለ ነው። እንዲህ ያለ ጠበል የቀመስሁት በልጅነቴ ነው።»

ደገመች። ከዚያ ተነሥታ አራቱንም ማዕዘን ረጨች፤ አልጋዋን፣ አልጋዬን፣ የሳሙናውን ሳጥን። አረቄ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ናት፤ በምን ታውቀው! ትንሽ ቆይታ መዝሙር ጀመረች፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ከፍ ባለ ድምፅ፤ ከዚያም በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።

እኔ ያንን ሰላም እያየሁ ልቤ ተነካ፤ ጀሪካኑን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድሁ። ጋሼ ግቢያችን ውስጥ በአንዲት ክፍል የሚኖሩ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ እግራቸው ከያዛቸው ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። ተጎነጩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የየት ጠበል ነው?»

«የእንጦጦ ነው ጋሼ።»

«እንጦጦ እንዲህ ሆነች?» ኩባያውን ዘረጉልኝ። ሞላሁላቸው። እንደገና ዘረጉ። «ለማታም ትንሽ አስቀምጥልኝ፤ ማታ ማታ ነው የሚብስብኝ።»

ከሰዓት በኋላ ኩባያውን ልወስድ ስመለስ ጋሼ ጉንጫቸው ቀልቶ ተቀምጠው ነበር። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ። ዳግም ነው።»

ዳግም ልደት መስሎኝ «አሜን» አልሁ።

«ዳግም አረቄ ነው የምልህ! እኔ ከደብረ ብርሃን እስከ ደሴ ያልቀመስሁት የለም፤ ይኼ ግን ነጥሮ የወጣ ነው። ይህን የሰጡህን ቄስ እንዳትለቃቸው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ ስደርስ ፍለጋ አላስፈለገኝም። ተራ አስከባሪው ጀሪካኑን ገና ሲያይ «የአረቄዋ ሌባ አንተ ነህ?» አለኝ። ከትናንት ጀምሮ ስትጮኽባቸው ውላለች። ሰው ተልኮባት መጣች፤ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ የታጠቀች፣ ከሩቁ ንግግሯ የሚሰማ ሴት። ያኔ ዶሮ ማነቂያ አልፈረሰም፤ ለበዓል ገበያ እዚያ ላለች አንዲት ባለ መጠጥ ቤት ልታስረክብ ነበር የተሳፈረችው። ሴትዮዋ ከፍታ ብትቀምስ ውሃ! «ደንበኛዬ ፊት አዋረድኸኝ» አለችኝ። ሊጣሉ ሲሉ እጀታው ላይ የታሰረችውን የእምነት ጥቅል አይተው ደነገጡ፤ ሁለቱም ተሳለሙ፤ ከዚያ የመጠጥ ቤቱን ደጃፍ ረጩበት። ማታ የገባ ጠጪ ሁሉ በላዩ ተረማምዶ ገብቷል ማለት ነው።

ይዤው የመጣሁትን ጀሪካን ከፍ አድርጋ መዘነችው።

«ጎድሏል።»

«አክስቴ ቀምሳለች።»

«አንዲት አሮጊት ይህን ያህል?»

«ጎረቤታችንም ነበሩ። የቀረውን ቤቱ ላይ ረጭተነዋል።»

«ግድግዳውም ጠጥቷል በለኛ!»

ተራ አስከባሪውና ረዳቶቹ ከበው ሳቁ። የጎደለውን በመለኪያ ገምታ አስከፈለችኝ፤ ለግድግዳው እንኳ ቅናሽ አላደረገችም። ጠበሌን ስትመልስልኝ ግን ከግማሽ በታች ነበር። ቀና ብዬ ሳያት «ባሌ ይጠጣል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። የሷን ጉድለት አላስከፈልኋትም። የቀረውንም ጨምሬ ሰጠኋት፤ ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስሁ።

እሑድ ጉንፋኑ ጣለኝ። በቀይ እስክሪብቶ «አዲስ ሰው» ብዬ በጻፍሁባት ቀን ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ ዝንጅብል ስጠጣ ዋልሁ። እታለም አጠገቤ ተቀምጣ «ከዚያ ከሚያቃጥለው ጠበል ብትጎነጭ ይለቅህ ነበር፤ የት አደረግኸው?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ነገርኋት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ያዘነች መስሎኝ ስነሣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ስቃ ስቃ አለቀሰች። «አሁን ይህን ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ነው የምናገረው?» ትላለች ደግማ ትስቃለች። ሲበቃት ግን ጠበሏን አስታወሰች። «እንግዲህ ጠበል ሳልቀምስ ዘመን ልሻገር ነው።»

ሰኞ ጳጉሜን 6 ነበር። በደብተሬ ላይ ምንም ያልተጻፈባት። እያስነጠሰኝ እንደገና ወጣሁ። ሰልፉ ላይ ማንንም አልገመገምሁም፤ አልቻልሁማ፤ ዓይኔ እንባ ብቻ ነው። አጥማቂው ገና ሲያዩኝ «አልለቀቀም እንዴ?» አሉኝ። «አለ አባታችን» አልኋቸው። «አለ፣ አለ፤ ና ዝቅ በል» አሉና ከቀድሞው ይልቅ ቀስ አድርገው አፈሰሱብኝ። አልጮኽሁም፤ አጠገቤ የነበረ ሌላ ሰው ጮኸ፤ እኔም ከሰዉ ጋር «እግዚኦ» አልሁለት። ጀሪካኑን በታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የወረድሁት።

እታለም ተጎነጨች። ትንሽ ጠበቀች።

«ይኼስ ቀዝቃዛ ነው» አለች፤ ቅሬታዋን ልትደብቅ ብትሞክርም አልቻለችም። ጋሼ በበኩላቸው አንዴ ቀምሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ኩባያውን በትሕትና ወደ ጎን አደረጉት።

በማግሥቱ ማክሰኞ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ ገባ። እታለምን ደግፌ ወደ ደብሩ አደረስኋት። ደጁ ላይ ቄጤማና አደይ አበባ የያዙ ልጃገረዶች አሉ፤ ነጭ የለበሰው ሕዝብ እስከ ውጭ ሞልቷል። ከቅዳሴ በኋላ እንደ ወጉ ባሕረ ሐሳቡ ታወጀ። ሥርዓቱን የእስክንድርያው ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው ይነገራል፤ ዓመተ ዓለሙን፣ ወንጌላዊውን፣ መጥቅዑን አስልተው በዓላቱና አጽዋማቱ የሚውሉበትን ቀን ይናገራሉ። በየዓመቱ ይህ ሲነበብ ስለ ዶሮ ወጡ የማስብ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አዳመጥሁ። ነነዌ የካቲት 18፣ ዐቢይ ጾም መጋቢት 2፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 27።

ነነዌ እኮ የንስሐ ጾም ናት። ዓመቱ ከጠባ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም፤ ነጠላዬ አልተጨማደደም፤ እነሱ ግን የካቲት ላይ ተመልሼ ማቅ የሚያስለብስ ነገር እንደማደርግ አስቀድመው አስልተው ቀኑን ቆርጠውልኛል። ያንንም ባዘነ ድምፅ አይደለም የሚያነቡት። የኔ ደብተር አምስት ዓምድ ነበረው፤ ከአምስተኛው በኋላ የሚወድቅ ሰው አልታሰበበትም። የነሱ ሒሳብ ግን ከጥንት ጀምሮ እኔን ያውቀኛል። እታለም በክርኗ ነካ አድርጋኝ «የካቲት 18 ብለዋል፣ ጻፈው» አለችኝ። ደብተሩን ቤት ትቼው ነበር የመጣሁት።

ጥቅምት ገባ። ሲጋራ ያቆሙት አብዛኞቹ አንድ ፍሬ ሲለምኑ ይታያሉ። የሚሮጡት ጫማቸውን መደርደሪያ ላይ አውለውታል። የጽጌ ጾም ተጀምሯል፤ የፈቃድ ስለሆነ ፈቃዴን ገና እያጠናሁት ነው። መሥሪያ ቤታችን የሩብ ዓመት አፈጻጸም እየገመገመ ሳለ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። አፌን በእጄ ከልዬ አነሣሁት።

«ጥቅምት ነው እኮ» አሉኝ አባ።

«አባታችን፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ስንት ሰዓት ያልቃል?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

«እንግዲያውስ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከዛፉ ሥር እጠብቅሃለሁ። ሳሙና እንዳትገዛ።»